ፈረስ ጉልበቱን ተዉትና ጎማውን አሳዩኝ

በአገራችን ትራክተር ሊገዛ የተነሳ ሰው ሁሉ ወሬው ፈረስ ጉልበት ነው። 75 ነው፣ 90 ነው፣ 110 ነው ሲባባል ይውላል። የጨረታ ሰነዱም ስለ ሞተሩ ገጽ ሙሉ ይዘረዝርና ጎማው ላይ ሲደርስ «ከነጎማው» ብሎ ያልፋል። ከነጎማው! በባዶ ቸርኬ የሚሄድ ትራክተር ያለ ይመስል። እኔ ሚዛን ተፈሪ አካባቢ ቡና የማለማ፣ ጭቃ የዋጠው ተሳቢ ስገፋ ወገቤ የተቀጨ ሰው ነኝና ዝም አልልም። የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለመሬት የሚያስረክበው ጎማው ብቻ ነው። ጎማው መሬቱን ካልያዘ 110 ፈረስ ማለት ናፍታ የሚጠጣ ጩኸት ነው።

ሻጮቻችን የጎማ ነገር ሲነሳባቸው አንድ መልስ አላቸው፦ «ጋሼ፣ ጎማ ጎማ ነው፤ ዋናው ሞተሩ ነው።» ይህን የሚሉን አዲስ አበባ ውስጥ፣ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ በተደረደሩ ቀለማቸው በሚያብረቀርቅ ትራክተሮች መካከል ቆመው ነው። እዚያ ላይ እውነት ነው፣ ጎማ ሁሉ ጎማ ነው። እኛ ዘንድ ግን ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት አይለቅም። ሚዛን ላይ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። አፈሩ ቀይ ሸክላማ ነው፤ ሲረጥብ የጎማው ጥርስ መካከል ይገባና እዚያው ይቀራል፤ ሦስት ዙር ሳይሽከረከር ጥርሱ ተደፍኖ ጎማው ልሙጥ ይሆናል። ጉራፈርዳ ሩዝ የሚያመርተው ወገናችን ደግሞ ጭራሽ ውሃ ያቆረ ማሳ ውስጥ ነው የሚገባው።

በዚህ ላይ ትራክተራችን ከሚያርሰው የሚጎትተው ይበልጣል። በጥላ ዛፍ ሥር ባለ ቡና ማን ያርሳል? ከበበቃ እስከ ቴፒ ባለው ቆላማ የቡና መሬት እሸቱ መቅላት የሚጀምረው ዝናቡ ገና ሳያባራ ነው። የተለቀመ እሸት ደግሞ ነገን አይጠብቅም፤ በዕለቱ መፈልፈያው ካልደረሰ ጆንያው ውስጥ መብላላት ይጀምራል፣ ደረጃው ይወርዳል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ዓመቱን ሙሉ የተለፋበት ቡና አንድ ቁልቁለት ላይ፣ በሚንሸራተት ጎማ ምክንያት ይበላሻል። ይህን የሚያውቅ የግዥ ኮሚቴ አላየሁም።

የኢትዮጵያ የትራክተር ልማድ ያደገው በአርሲና በባሌ የስንዴ ሜዳ፣ በሑመራ የሰሊጥ መሬት ነው። በደርግ ዘመን ናዝሬት የተቋቋመው መገጣጠሚያም ከሶቪየት ኅብረት የመጣውን ቤላሩስ ሲገጣጥም የሸኮን ዳገት አስቦ አልነበረም። ይህ ያለፈ ታሪክ ነውና አልቀየምም። የሚያናድደኝ የዛሬው ነው። ክልላችን ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ቆሟል። ከዚያ በፊት «ዝርዝሩን ሐዋሳ ጻፈው» እንል ነበር። አሁንስ? ቦንጋ የተቀመጠው ባለሥልጣን፣ ሚዛንና ቴፒ ያለው ዩኒየን የሜዳውን አገር ዝርዝር ቃል በቃል ሲገለብጥ ማንን እንክሰስ?

የጎማ ነገር ምሥጢር አይደለም፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያነበዋል። የጎማው ጎን ላይ 18.4-30 ከተጻፈ፣ ጎማው 18.4 ኢንች ያህል ይሰፋል፣ ቸርኬው 30 ኢንች ነው ማለት ነው። በቁጥሮቹ መካከል ሰረዝ ካለ ክሩ በሰያፍ የተነባበረው የቆየው ዓይነት ነው፤ በሰረዙ ቦታ «አር» ካለ ራዲያል ነው። ሰው የማይጠይቀው ቀጥሎ ያለውን ምልክት ነው። አር-1 የሚባለው የተለመደው የእርሻ ጎማ ነው፤ ለደረቅ አፈር ደህና ነው፣ አብዛኛው ትራክተርም እሱን ተጫምቶ ይመጣል። አር-1 ደብልዩ ጥርሱ ከዚያ በሩብ ያህል ይጠልቃል፤ የተሠራው ለእርጥብና ለሚጣበቅ አፈር ነው። አር-2 የሩዝና የሸንኮራ ማሳ ጎማ ነው፤ ጥርሱ የአር-1ን እጥፍ ያህል ይደርሳል። አር-4 ግን የግንባታ ማሽን ጎማ ነው፤ ጥርሱ ሰፊና አጭር ነው። አር-4 ያጠለቀ ትራክተር ለቡና እርሻ ያቀረበ ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም ወይ መጋዘን ያደረበትን እያራገፈብን ነው።

ስለዚህ ለሚዛንና ለቴፒ ቡና አር-1 ደብልዩ፣ ለጉራፈርዳ ሩዝ አር-2። ይህን አንድ መስመር ሰነዱ ውስጥ መጻፍ ስንት ስብሰባ ይፈልጋል?

ራዲያል ወይስ የቆየው ዓይነት በሚለው ላይ ከከተሜዎቹ ባለሙያዎች ጋር አልስማማም። ራዲያል መሬቱን በሰፊው ይረግጣል፣ መንሸራተቱም ያነሰ ነው፤ ልክ ናቸው። ግን ያረጀ ቡና ሲጎነደል አይተው አያውቁም። ጉቶው ውሃ እንዳይቋጥር በሰያፍ ይቆረጣል፤ ያ ሰያፍ ጉቶ ሣር ውስጥ ተደብቆ እንደ ጦር ይጠብቃል። የራዲያል ጎን ስስ ነው፤ ከተቀደደም በቀላሉ አይጠገንም። የቆየው ዓይነት ጎኑ ወፍራም ነው፤ ካላማዳሪው ቢበሳ ደግሞ የቴፒ ጎሚስታ አውልቆ፣ ለጥፎ፣ ነፍቶ ይመልስልሃል። ጉቶ በበዛበት መሬት እኔ የቆየውን እመርጣለሁ፤ ገላጣ ማሳ ያለው ራዲያሉን ይውሰድ።

ባለ ፎር ዊል ትራክተር የገዛችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። የፊቱና የኋላው ጎማ ተመጣጥኖ ነው የተሠራው፤ የፊቱ ከኋላው ከ1 እስከ 5 በመቶ ያህል ቀድሞ እንዲሄድ ታስቦ። የኋላውን ብቻ በሌላ ልክ ቀይሮ የፊቱን መተው ማርሹን በገዛ እጅ መፍጨት ነው። ይህን ሳይናገር ጎማ የሚሸጥ ነጋዴ በሚዛንም በጅማም ሞልቷል።

አንድ ነገር ላክል፣ ያሳፍራልና። በዚህ ከተማ የኋላ ጎማው ተገልብጦ የተገጠመ አዲስ ትራክተር በዓይኔ አይቻለሁ። ከኋላ ቆሞ ሲታይ የጥርሱ ሹል ወደ ላይ መሆን አለበት፤ መሬት ቀድሞ የሚነካው ሹሉ ነው፣ ጭቃውን ወደ ጎን የሚያወጣው እንዲያ ሲሆን ነው። ያ ትራክተር ግን ሹሉ ቁልቁል ነበር፤ እየሄደ ጭቃውን ወደ መሃል ይሰበስባል። ሪባን ተቆርጦለታል፣ ፎቶ ተነስቶለታል፣ የቁልፍ ርክክብ ተደርጎበታል። አንድም ሰው ጎንበስ ብሎ አላየም።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ሰዓታት ልምጣ፤ አዲስ ትራክተር የሚሞተው እዚያ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሚዛን ከ560 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሎቤድ ላይ እንዳይዘል ጎማው ከልክ በላይ ተነፍቶ ይጫናል። ሲደርስ ማስተንፈስ የማን ሥራ ነው? የማንም! ከዚያ ትራክተሩ ማሳ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል፣ ጎማው መሬቱን በመሃሉ ብቻ ይነካል፣ ይንሸራተታል፣ «ይህ ብራንድ አይረባም» ይባላል። ትክክለኛው የንፋስ ልክ ማኑዋሉ ላይ በሠንጠረዥ ተቀምጧል፤ ለማሳ አንድ ልክ፣ ጭኖ አስፋልት ላይ ለሚሄድ ሌላ ልክ። ማኑዋሉን ግን ስንቶቻችን ተረክበናል?

የጎማው ዳዶ ሌላው ጉድ ነው። አዲስ ቸርኬ ላይ ያለው ቀለም በጭነት ይጨፈለቅና የጠበቀው ዳዶ ይላላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደጋግሞ ማጥበቅ የግድ ነው። ካልጠበቀ የቸርኬው ቀዳዳ እየሰፋ ሞላላ ይሆናል፣ ቡሎኑ ይበጠሳል። ዘይቱን በተመለከተ ብዙ ፋብሪካዎች የመጀመሪያውን ሰርቪስ 50 ሰዓት ላይ ያዝዛሉ፤ አዲስ ማርሽና አዲስ ሞተር ሲላመዱ ብናኝ ብረት ይጥላሉና። ገበሬው «ዘይቱ ገና ንጹሕ ነው» ብሎ 200 ሰዓት ያስኬደዋል። አልፈርድበትም፤ የነገረው የለም።

ናፍታው ደግሞ ከበርሜል ነው የሚቀዳው። ዝናብ ላይ የዋለ በርሜል ውሃ ይይዛል፤ ውሃው ከናፍታው ይከብዳልና ታች ይተኛል። በርሜሉን ሳይነቃነቅ አሳድሮ ከታችኛው ክፍል ሳይነኩ መቅዳት፣ ጠዋት ጠዋት የፊልትሮውን ውሃ ማፍሰስ፣ ይኸው ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ሳይደረግ ሲቀር ግን ፓምፑን ያቃጥላል፣ የፓምፑም ዋጋ ጥሩ ጥንድ በሬ ያስገዛል።

የኔን ልናገር። ትራክተሩ ገና አዲስ ሳለ ከፊት እግሩ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ሻጩ ዘንድ ደወልኩ። «በቴሌግራም ፎቶ ላኩልን» አሉ፤ ላክን። «ሹፌራችሁ አያያዝ አያውቅም» አሉ። ሹፌራችን ከኔ ቀድሞ ትራክተር የነዳ፣ ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን የሚለይ ሰው ነው። ቀጥሎ «መካኒክ እንዲመጣ አበሉንና ትራንስፖርቱን ቻሉ» መጣ። እሺ፣ ሚዛን ያለ መካኒክ ይፍታው ስንል «የእናንተ መካኒክ ከነካው ዋስትናው ይቀራል!» ይህ ዋስትና ነው? እነሱ አይመጡም፣ እኛ አንነካም፣ ዘይቱ ይፈሳል።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያን ከቀረጥና ከታክስ ነጻ ሲያደርግ አጨብጭበናል። ልማት ባንክ 20 በመቶ ይዛችሁ ኑ፣ ቀሪውን በሊዝ ብሎ ሲያበድር ደስ ብሎናል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫውና የጎማው ዋጋ አንገታችንን ያዘው። እንግዲህ አስቡት፦ ትራክተሩ ጭቃ ላይ ቆሟል፣ የሊዙ ቀን ይቆጥራል፣ የሚሆነውን ጎማ ከኪስህ ልግዛ ብትል የዛሬው ዋጋ የዛሬ ሦስት ዓመቱን አይመስልም። መጀመሪያውኑ ትክክለኛውን ጎማ ይዞ ቢመጣ ልዩነቱ በሊዙ ውስጥ ይካተት ነበር።

«ጥልቅ ጥርስ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል» የሚል ተቃዋሚ አለኝ። ያልቃል፤ እውነት ነው። ከሚዛን ጅማ በሚወስደው አስፋልት ላይ ሲሚንቶና ጆንያ ሲያመላልስ የሚውል ሰው አር-1 ይበቃዋል፤ እንዲያውም ትራክተሩን ሸጦ አይሱዙ ይግዛ። እኔ የምናገረው ለሚያርሰውና እሸት ለሚያወጣው ነው።

በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አሊስ ቻልመርስ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የትራክተርን የብረት እግር በጎማ ሲተካ ገበሬው አላመነውም። ፋብሪካው የትራክተር እሽቅድምድም እስከማዘጋጀት ደረሰ። ያን ጊዜ ሻጭ ገበሬን ለማሳመን ይለፋ ነበር፤ የኛው ሻጭ ደግሞ ስልክ ለማንሳት ይለፋል። እኛም ማሳመኛ ጠይቀን አናውቅም።

እንጠይቅ። እሽቅድምድም አያስፈልግም፤ ኖራ ይበቃል። የኋላ ጎማው ጎን ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። ትራክተሩ ማረሻውን ወይም የተጫነ ተሳቢውን እየጎተተ፣ በራሳችሁ ማሳ ላይ፣ ጎማው 10 ጊዜ እስኪዞር ይሂድ፤ መነሻውና መድረሻው ላይ ችካል ትከሉ። ከዚያ ያንኑ ርቀት ሳይጎትት ይሂድና ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። 9 ከሆነ ጎማው 10 በመቶ ተንሸራቷል፣ ደህና ነው። 8 ተኩል ከሆነ 15 በመቶ ነው፣ መጨረሻው ልክ ነው። ከዚያ ካነሰ ወይ ጎማው አይሆንም፣ ወይ ንፋሱ በዝቷል፣ ወይ ክብደት ጎድሎታል። ክብደት ከሆነ የኋላ ጎማውን እስከ 75 በመቶ በውሃ መሙላት ይቻላል፤ ብረት ከመግዛት ይረክሳል። ንፋስ ከሆነ ይተንፍስ። ጎማው ከሆነ ግን ሻጩ ይቀይር። ይህ ፈተና በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ዝናብ ባለበት ወር ይደረግ፤ የሻጩ ሰውም ቦት ጫማውን አድርጎ ችካሉ አጠገብ ይቁም። የርክክቡ ፊርማ ቆጠራው ካለቀ በኋላ ይሁን፤ የ50 ሰዓቱ ሰርቪስም በሻጩ ወጪ፣ እዚሁ ሚዛን፣ ሚዛን ባለ መካኒክ እጅ እንዲሠራ ከዋጋው በላይ ባለው መስመር ይስፈር።