ስንዴ ብቻ ጉልበት አይሆንም

አምስት ቤተሰብ ያላት የላስታ እናት የእርዳታ ተራዋ ሲደርስ 75 ኪሎ ስንዴ ትረከባለች። አህያ ካላት ጭና፣ ከሌላት እየተመላለሰች በጀርባዋ ተሸክማ ከኩልመስክ በላይ ያለውን ዳገት ትወጣለች። ከዚያ የወፍጮ ይከፈላል፤ ስሙ ከዝርዝር ለቀረ ጎረቤትም ይቆረሳል። የተረፈው ወሩን መግፋት አለበት። መዝገቡ ላይ ይህች ቤት ተረድታለች። ሰውነቷስ?

ብዙ ሰው ሆድ ከሞላ ጉልበት ይመጣል ብሎ ያስባል። የእርዳታ አሰጣጡም በተግባር ሲታይ ከዚህ ሐሳብ ብዙም አልራቀም። ዱቄት ግን ጉልበት የሚሆነው ሆድ ውስጥ አይደለም። ሆድና አንጀት ፈጭተው ግሉኮስ ያደርጉታል፤ ደም ተረክቦ ወደ እያንዳንዱ ህዋስ ያደርሰዋል። ጉልበቱ የሚወጣው እዚያ ነው፤ በተለይ ማይቶኮንድሪያ በሚባለው የህዋስ ምድጃ ውስጥ።

ምድጃ ደግሞ እንጨት ስለተጨመረበት ብቻ አይነድም። አየር ይፈልጋል፣ የሚለኩሰው ይፈልጋል። አየሩ ኦክስጅን ነው፤ ሳንባ ያስገባዋል፣ በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ይሸከመዋል፣ ልብ ይገፋዋል። ሄሞግሎቢን ያለ ብረት አይሠራም። ለኳሾቹ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ብዙዎቹ ያለ ቢ ቫይታሚኖች ሥራ ይፈታሉ። የምድጃውን ፍጥነት የሚመጥነው የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ካጣ ሌላው ሁሉ ቢሟላም እሳቱ ይቀዘቅዛል። የደጋ እናቶች አንገት ላይ የሚታየው እንቅርት አብዛኛውን ጊዜ የዚህ እጦት ምልክት ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ህዋስ ከአንድ ግሉኮስ በኦክስጅን ሲያነድ 30 ያህል ኤቲፒ ያገኛል፤ ኤቲፒ ማለት ህዋስ ለሥራው ሁሉ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ያለ ኦክስጅን ግን የሚያገኘው 2 ብቻ ነው። ደሙ ብረት ያነሰው ሰው ዳገት ሲወጣ ጡንቻው ወደዚህ ኪሳራ ቶሎ ይገባል። እህሉ ያው ነው፤ ጉልበቱ ግን የለም።

ይህ የሚሆነው ደግሞ በከፍታ ላይ ነው። 3,000 ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። የአማራ ደገኛ አካል ለዚህ የተበጀ መሆኑን ሳይንስ መስክሯል። በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠናቸውም የደማቸው ኦክስጅንም በቆላ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። የደቡብ አሜሪካ ደገኞች ግን ከፍታውን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸውን አብዝተው ነው። ስለዚህ ደገኛው በተፈጥሮው ደካማ አይደለም። ሆኖም ይህ ሁሉ ብልሃት የሚሠራው ብረቱና ምግቡ እስካለ ድረስ ነው።

አሁን ወደ ስፍሩ። የአስቸኳይ እርዳታ መደበኛ ድርሻ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ሲሰላ በቀን 2,000 ካሎሪ ገደማ ይሆናል፤ ለእርዳታ ዕቅድ የሚያዘው መነሻ 2,100 ነው። ጥራጥሬውና ዘይቱ ከቀሩ ወደ 1,700 ይወርዳል፤ ወፍጮና ጎረቤት ሳይነኩት ማለት ነው። በሴፍቲኔት የታቀፈ ቤተሰብ ደግሞ በሰው 5 ቀን እየተቆጠረ እርከን ይሠራል፣ ድንጋይ ይሸከማል። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ የሚሸከም ጎልማሳ 3,000 ካሎሪ ቢያነድ አይገርምም።

ክፍተቱን ማን ይሞላዋል? ራሱ ሰውነት። መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ያለውን ስኳር ይጨርሳል፤ እሱ ከአንድ ቀን ብዙ አይዘልም። ከዚያ ስብ ያነዳል፣ ቀጥሎ ጡንቻ፣ የልብን ጡንቻ ሳይቀር። ጎን ለጎን ወጪውን ይቀንሳል፤ እንቅስቃሴው ይከብዳል፣ ሰውየው ጥላ ይፈልጋል። ከተማ የተቀመጠ ሰው ይህን አይቶ «እርዳታ አሰነፋቸው» ይላል። ያየው ስንፍና አይደለም። ባዶ ጎተራ እየቆጠበ ነው።

ምግብ ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑን ጤና ጣቢያዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። በ2017 ዓ.ም. ከጎረቤት ቡግና ወረዳ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ዜና ሲሰማ ብዙዎች «ቶሎ አብሏቸው» አሉ። ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ግን በአንዴ ጠግቦ ቢበላ ሊሞት ይችላል። ኢንሱሊን በድንገት ሲጨምር ፎስፌትና ፖታሲየም ከደም ወደ ህዋስ ይሮጣሉ፤ ልብ ይስታል። ለዚህ ነው ሕክምናው ኤፍ 75 በሚባለው ቀለል ያለ ወተት ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ከበደው ምግብ የሚሸጋገረው። ለሕፃኑ የህዋሱ ነገር ታስቦለታል። ለእናቱና ለአባቱ ግን አልታሰበም።

«ሰው እየተራበ ስለ ብረትና ቫይታሚን ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ከባዶ ቤት ስንዴ ያለበት ቤት ይሻላል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ጥራጥሬ የስንዴ ጌጥ አይደለም። ላስታ ብዙውን የዓመቱን ክፍል የሚጾም አገር ነው። በጾም ሥጋና ወተት ስለሌለ ብረቱም ፕሮቲኑም በአብዛኛው የሚገኘው ከባቄላ፣ ከምስርና ከሽሮ ነው። ከድርሻው መጀመሪያ የሚጎድለው ጥራጥሬ ከሆነ የጎደለው ወጡ ብቻ አይደለም፤ የምድጃው አየር ነው።

የሚያስፈልገው ተአምር አይደለም። ጥራጥሬውና ዘይቱ እንደ ምርቃት መታየታቸው ይቅር፤ ሳይሟሉም እደላው ተጠናቀቀ አይባል። አዝመራ ደህና በሆነበት ዓመት ባቄላው ከዚያው ከደጋው ገበሬ ይገዛ። አዮዲን ያለው ጨውና ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት ክኒን ከእደላው ጋር አብረው ይድረሱ። ከባዱ የእርከን ሥራ ጎተራ ባዶ በሆነበት ወር አይጫን። ንጹሕ ውኃም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው፤ ተቅማጥ የያዘው አንጀት የተሰጠውን ስንዴ ሳይጠቀምበት ያሳልፈዋልና።

ወሎ በ1966ም በ1977ም የተቆጠረው በሞቱት ሰዎች ቁጥር ነበር። ዛሬ በሕይወት ያሉት የሚቆጠሩት በኩንታል ነው። መቆጠር ያለበት ግን ያቺ እናት ኩንታሉን ይዛ ዳገቱን ከወጣች በኋላ ለነገ የሚተርፋት ጉልበት ነው።