«ደሙ ደኅና ነው» የሚለው ወረቀት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገራችን ሰው። ነገር ግን በሽተኛው ሳይደብቅ፣ እናቲቱም አንድ ሳታስቀር ተናግራ፣ ምርመራው ራሱ በሽታውን ሲደብቅ ጥፋቱ የማን ነው? ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ይኸው ነው። ጥያቄው እኛን የሕክምናና የላቦራቶሪ ተማሪዎችን፣ የሚያስተምሩንንም መምህራን በቀጥታ ይመለከተናል፤ ነገ በዚያ ወረቀት ላይ የሚፈርመው የእኛው እጅ ነውና።

ነገሩ ስለ ሄሞፊሊያ ነው። ደም እንዲረጋ በፕላዝማ ውስጥ ያሉ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች ተራ በተራ፣ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ፣ መሥራት አለባቸው። ከእነዚህ መካከል ፋክተር ስምንት ሲጎድል ሄሞፊሊያ ኤ፣ ፋክተር ዘጠኝ ሲጎድል ሄሞፊሊያ ቢ ይባላል። ጉድለቱ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ እናት ታስተላልፋለች፤ በአብዛኛው የሚታመመው ግን ወንዱ ልጅ ነው። ከሚወለዱ 5,000 ያህል ወንዶች አንዱ ሄሞፊሊያ ኤ ይዞ ይወለዳል። ይህ በሽታ ዘርም ሆነ አገር አይመርጥም። እንግዲህ ሕዝቧ ከ100 ሚሊዮን በላይ በሆነ አገር ስንት ሺህ እንደሚሆኑ አንባቢ ራሱ ያስላው። በሐኪም ታውቀው የተመዘገቡት ግን ከዚያ እጅግ ያነሱ ናቸው። የቀሩት የት ደረሱ? አንዳንዱ በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ ያልፋል። አንዳንዱ ጉልበቱ እያበጠ ቁርጥማት ነው ይባላል። ለሌላው ደግሞ ቡዳ በላው ተብሎ ነገሩ ይዘጋል።

ከ1,500 ዓመት በፊት የነበሩት የአይሁድ ሊቃውንት እንኳ ሁለት ወንድሞቹ በግርዛት ደም ፈሷቸው የሞቱበትን ሦስተኛ ልጅ አትግረዙ ብለው በታልሙድ ደንግገዋል። ላቦራቶሪ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን እናትን ጠይቀው መልሷን አምነዋል። እኛስ?

እኛማ ሰዓት ይዘን እንቆጥራለን። የመድማት ጊዜና የመርጋት ጊዜ የሚባሉ ሁለት ያረጁ ምርመራዎች አሉ። በመጀመሪያው ጆሮ ወይም ክንድ ተወግቶ ደሙ እስኪቆም ይጠበቃል። በሁለተኛው ደም በብርጭቆ ቱቦ ተደርጎ እስኪረጋ ይጠበቃል። ይህ ሊና ዋይት እ.ኤ.አ. በ1913 ያወጡት ዘዴ ነው። በዘመናቸው መልካም ሥራ ነበሩ። ግን የመድማት ጊዜ የሚለካው የፕሌትሌትንና የጥቃቅን የደም ሥሮችን ሥራ ነው፤ በሄሞፊሊያ ብዙውን ጊዜ ደኅና ሆኖ ይወጣል። የመርጋት ጊዜም የሚረዝመው ፋክተሩ ፈጽሞ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው። ከመቶ አምስት እጅ ፋክተር ያለው ልጅ ምርመራውን አልፎ «ደሙ ደኅና ነው» የሚል ወረቀት ተሰጥቶት ወደ ቢላዋው ሊሄድ ይችላል። ይህ ወረቀት ካለመመርመር የከፋ ነው እንላለን። ያልተመረመረ ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል፤ በሐሰት የተረጋገጠለት ግን ምን ብሎ ይጠነቀቅ?

ትክክለኛው መንገድ ከታወቀ ቆይቷል። በሰሜን ካሮላይና የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1953 የገለጹት ምርመራ ተሻሽሎ ዛሬ ኤፒቲቲ ይባላል። ፒቲ የተባለው ምርመራ ደኅና ሆኖ ኤፒቲቲ ሲረዝም፣ የበሽተኛው ፕላዝማ ከጤነኛ ሰው ፕላዝማ ጋር እኩል ይቀላቀላል። ጊዜው ከተስተካከለ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው፤ ካልተስተካከለ ደግሞ የሚያግድ ነገር አለ ተብሎ ይጠረጠራል። ከዚያ በኋላ የትኛው ፋክተር ምን ያህል እንደጎደለ ይለካል። ይህ የማቀላቀል ጥበብ ተአምር ፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በ1947 በቦነስ አይረስ ፓቭሎቭስኪ የአንዱ ሄሞፊሊያ በሽተኛ ደም የሌላውን እንዳስተካከለ አየ። በ1952 እንግሊዝ አገር የነበሩ ሐኪሞች ሁለተኛው በሽታ ራሱን የቻለ መሆኑን አስረዱ። ሄሞፊሊያ ቢ የታወቀው እንዲህ ነው።

ተቃዋሚዎቻችን የሚሉትን እናውቃለን። «ወባና ሳንባ ነቀርሳ እያሉ ለብርቅ በሽታ ገንዘብ ይውጣ?» ይላሉ። የምንጠይቀው የወባን ገንዘብ አይደለም። ኤፒቲቲ ለሄሞፊሊያ ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ ሄፓሪን ለሚወስድም፣ ከወሊድ በኋላ ደም ለሚፈሳት እናትም ያገለግላል።

«መድኃኒቱ ሳይኖር ማወቁ ምን ይጠቅማል?» የሚሉም አሉ። ብዙ ይጠቅማል። ያወቀ ሰው አስፒሪን አይሰጥም፣ ጡንቻ ላይ መርፌ አይወጋም፣ ሳይዘጋጅ አይቆርጥም፣ ጥርስ አይነቅልም። እኅቶቹ ተሸካሚ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይነግራቸዋል። ከቀለጠ ፕላዝማ የሚገኘው ክራዮ የተባለው ዝቃጭ ፋክተር ስምንት አለው፤ ፋክተር ዘጠኝ ግን የለውም። ስለዚህ ሳይለዩ መስጠት መድኃኒትን ማባከን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን ወደ ድኃ አገሮች ፋክተር በእርዳታ ይልካል፤ ላልታወቀ በሽተኛ ግን ማን ድርሻ ይጠይቅለታል? መድኃኒት ስለሌለ አንመርምር የሚለው ሰው፣ ስላልመረመርን መድኃኒት አልመጣም የሚለውን እውነት ገልብጦ እየነገረን ነው።

ሦስተኛው ሰበብ «ማሽኑ ተበላሽቷል» የሚለው ነው። ማሽን ከመምጣቱ በፊት ይህ ምርመራ በእጅ ይሠራ ነበር፤ ዛሬም ይሠራል። 37 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ፣ የብርጭቆ ቱቦ፣ ሬኤጀንትና ካልሲየም፣ የእጅ ሰዓት፣ ደግሞም የፋይብሪን ክር ሲታይ የሚያውቅ ዓይን ይበቃሉ። የሚጎድለን ዓይኑ ነው! ፋክተሮቹን ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት ለፈተና በቃላችን እንወጣለን፤ ደም በቱቦ ውስጥ ሲረጋ ያየን ግን ስንቶቻችን ነን? ሲትሬት ያለበት ቱቦ እስከ ምልክቱ ካልሞላ፣ ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት ካልሆነ፣ ውጤቱ በሐሰት እንደሚረዝም ማን በተግባር አሳየን?

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ኤፒቲቲና የማቀላቀሉ ምርመራ በማስተማሪያ ላቦራቶሪያችን በእጅ ይሠራ፤ ያልሠራ ተማሪ አይለፍ። ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን በመድማትና በመርጋት ጊዜ ላይ ብቻ ተመርኩዞ «ደኅና ነው» ማለትን ከትምህርቱ ያስወጡ። ሦስተኛ፣ ሬኤጀንት ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከማለቁ በፊት ይታዘዝ። አራተኛ፣ ከማንኛውም ቢላዋ በፊት እናት ትጠየቅ፤ የእናት ወንድም፣ የልጁ ወንድም ደም ፈሶት ያውቃል ወይ ተብሎ ይጻፍ። ቀላል በሆነው ሄሞፊሊያ ኤፒቲቲም ቢሆን ደኅና ሊወጣ ስለሚችል ይህን ጥያቄ የሚተካ ማሽን የለም።

አራቱም አዲስ ሕንፃ አይጠይቁም። የመጨረሻው ሳንቲም እንኳ አያስወጣም፤ መልስ እስክትሰጥ መታገሥን ብቻ ይጠይቃል። እስከዚያ ድረስ የማናውቀውን እንዳወቅን አድርገን በማኅተም ማጽናቱ ይቅር። «አልመረመርንም» ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፤ ሳይመረመር «ደኅና ነው» ብሎ መጻፍ ግን ይገድላል።