ቁንጫው የማን ነው?

በአዲስ አበባ ስለ ቁንጫ በይፋ የሚያወራ ሰው የለም። ስኳር ያለበት፣ ደም ብዛት ያለበት፣ ሪህ ያለበት ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ በሽታውን ከነመድኃኒቱ ዘርዝሮ ያወራል። አልጋው ላይ ቁንጫ ያለበት ሰው ግን ዝም ይላል፤ ዝም ብሎ ያካል። "ምን ነክቶህ ነው?" ሲሉት "አለርጂክ ነው" ይላል። በዚህ ከተማ "አለርጂክ" ከሚባለው ነገር ስንቱ ስድስት እግር እንዳለው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ጉዳዩ የሚያስቅ ይመስላል፤ እኔ ግን ለሳቅ አላነሳሁትም። ሰው ያፈረበትን ነገር የሚያክመው በጓዳ ነው። በጓዳ የሚደረግ ሕክምና ደግሞ ሐኪም አይጠይቅ፣ መመሪያ አያነብ፣ መጠን አይለካ። ዕዳው የሚወድቀውም በአፋሪው ላይ ሳይሆን መናገር በማይችለው፣ ቢናገርም በማይሰማው ላይ ነው፤ በድመቷ፣ በውሻው፣ በቤት ሠራተኛዋና ምንጣፍ ላይ በሚድኸው ሕፃን ላይ።

በቅርብ የማውቀው አንድ ቤት አለ። ደህና ቤት ነው፤ ባልና ሚስቱ የተማሩ ናቸው፤ የመጽሐፍ መደርደሪያም አላቸው (የተነበበ መጽሐፍ ያለበት)። አንድ ክረምት ቁንጫ ገባባቸው። እመቤቲቱ ምርመራዋን የጀመረችው ከሠራተኛዋ ነው። "ከአገርሽ ይዘሽው የመጣሽው አንቺ ነሽ!" ልጅቷ "ኧረ እትዬ፣ እኔ ከመጣሁ እኮ ዓመት ሊሞላኝ ነው" ብትልም የሚሰማት አላገኘችም። ፍራሿ ወጥቶ ተቃጠለ፤ ሁለት ቀሚሶቿም አብረው ነደዱ። ቀጥሎ ድመቷ በጆንያ ታስራ በመኪና ተወሰደችና ከተማ ዳር ተጣለች። በመጨረሻ አንድ ጠርሙስ ማላታይን ከገበያ ተገዛና "ርጪው" ተብሎ ለዚያችው ልጅ ተሰጣት። ጓንት የለ፣ የአፍ መሸፈኛ የለ። በባልዲ በጥብጣ፣ በመጥረጊያ እየነከረች ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ የውሻውን ጀርባ ሳይቀር ረጨች። ሌሊቱን ሲያስመልሳት አደረ። "ብርድ መቷት ነው" ተባለ። በሦስተኛው ሳምንት ቁንጫው ተመለሰ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ እመቤቲቱ ራሷ ናት። የነገረችኝም የቁንጫውን ክፋት ልታስረዳኝ ነው።

ለምን ተመለሰ? እንግዲህ እዚህ ላይ ትንሽ እንታገሥ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። አንዲት ሴት ቁንጫ ደም እስካገኘች ድረስ በቀን 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከእንስሳው ፀጉር ጋር አይጣበቅም፤ እንደ ጨው እየረገፈ ድመቷ በተኛችበት፣ ውሻው በተጋደመበት ሁሉ ይበተናል። ከዚያ የሚፈለፈለው ዕጭ ዓይን የሌለው፣ ብርሃን የሚሸሽ ትል ነው። ምንጣፍ ሥር፣ በጣውላው ስንጥቅ፣ በሶፋው ስፌት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ምግቡም ከትልልቆቹ ቁንጫዎች ኩስ ጋር የሚወርደው የደረቀ ደም ነው። ከዚያ ድር ፈትሎ ይጠቀለልና ሙሽሬ ይሆናል። ባለሙያዎቹ ሲገምቱ፣ ቤት ውስጥ ካለው ቁንጫ ሲዘል የምናየው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሌላው እንቁላል፣ ዕጭና ሙሽሬ ሆኖ ከእግራችን ሥር ነው።

ሙሽሬው ነው ጉደኛው። የተጠቀለለበትን ድር መርዝ እንደልብ አያልፈውም። ሲመቸው በቀናት ይወጣል፤ ካልተመቸው ለወራት እዚያው ይቀመጣል። የእግር ኮቴ ንዝረት፣ የገላ ሙቀት፣ የምንተነፍሰው አየር ሲደርሰው ያን ጊዜ ፈንድቶ ይዘላል። ተዘግቶ የከረመ ቤት የተከራየ ሰው በመጀመሪያው ቀን እግሩ የሚበላው ለዚህ ነው። የወዳጄም ቤት ቁንጫ "የተመለሰው" ከየትም አይደለም፤ ያልሄደ ነገር እንዴት ይመለሳል?

ስለዚህ ድመቷን መጣል ማለት አምስቱን በመቶ ሸኝቶ ዘጠና አምስቱን ማስቀረት ነው። ይባስ ብሎም ከሙሽሬው የሚወጣው ቁንጫ የለመደውን ፀጉራም ገላ ሲያጣ ያገኘውን ይነክሳል፤ ያገኘው ደግሞ እርስዎን ነው። ድመቷ በሄደች ማግስት አይጥ ይመጣል። አይጥም የራሱ ቁንጫ አለው። ወረርሽኙን በማዛመት ስሙ የገነነው የአይጥ ቁንጫ ለሳይንስ የተዋወቀው ሩቅ አገር አይደለም፤ ከጎረቤታችን ከሱዳን፣ ከሸንዲ በተሰበሰበ ናሙና ነው። ቻርልስ ሮትሽልድ እ.ኤ.አ. በ1903 ስም ሲያወጣለት በፈርዖኑ በኬኦፕስ ስም ሰየመው። የተጣለ ውሻም እንዲሁ ጠፍቶ አይቀርም። ክትባት የሚሰጠው በሌለበት መንገድ ዳር ይውላል፤ አንድ ቀን የሰው ልጅ ይነክስና ልጁ ለውሻ በሽታ መርፌ ይንከራተታል። ከሳሎን ያስወጣነውን ችግር ለሰፈሩ ልጆች ሰጠን ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ልመለስ። "ከገጠር ይዛ መጣች" የሚለው ክስ በስንት ቤት እንደሚሰማ እያንዳንዳችን እናውቃለን። ከመጣች አንድ ሳምንት ቢሆናት እንኳ በልብሷ ሁለት ቁንጫ ልታመጣ ትችል ይሆናል፤ ሺህ አድርጎ የሚያረባው ግን የጌቶቿ ምንጣፍ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ምንጣፍ ያላት እሷ አይደለችም። "የሰው ቁንጫ" የሚባለው ዝርያ በአገራችን ቤቶች ውስጥ አለ፤ ውሻም ድመትም በሌለበት ይኖራል፤ በውሻም ላይ ይገኛል። የድመት ቁንጫ የሚባለው ደግሞ ውሻንም ሰውንም አይምርም። ታዲያ የማንን ዘር ቆጥረን ነው ጥፋተኛውን የምናገኘው?

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የጆን ደንን "ቁንጫው" የተሰኘ ግጥም ማስተማር ነበረብኝ። እ.ኤ.አ. በ1633፣ ገጣሚው ከሞተ በኋላ የታተመ ነው። ተናጋሪው የሚወዳትን ሴት የሚያግባባው በቁንጫ ነው፤ ቁንጫው ሁለቱንም ነክሷልና ደማቸው በሆዱ ውስጥ ተቀላቅሏል እያለ። ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር፤ "ቲቸር፣ ይሄ ሰው ገላውን አይታጠብም ነበር እንዴ?" ያለኝም አለ። በዚያ ዘመን ቁንጫ የሌለበት የእንግሊዝ ቤት ብርቅ ነበር፤ ግጥሙ ያላፈረውም ለዚህ ነው። እኔ ግን ወዳጄ ያን ታሪክ ስትነግረኝ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። በዚያ ቤት እመቤቲቱና ሠራተኛዋ አንድ ማዕድ ቀርበው አያውቁም፤ የተገናኙት ቁንጫው ሆድ ውስጥ ነው።

ስለ መርዙስ? ማላታይን በራሱ ሰይጣን አይደለም። በሥርዓት ተመጥኖ ለሰው የራስ ቅማል ይታዘዛል። ነገር ግን ለቅማል የሚታዘዘው ቅባት 0.5 በመቶ ነው፤ ለእርሻ ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው 50 በመቶ ነው። መቶ እጥፍ! ይህን በዓይን ግምት በባልዲ የበጠበጠች ልጅ ከምን ጋር እንደምትጫወት ማን ነገራት? ማላታይን እ.ኤ.አ. በ1995 በቶኪዮ የምድር ባቡር ሰው ከፈጀው ከሳሪን ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ሁለቱም ነርቭን የሚይዙት በአንድ መንገድ ነው፤ ልዩነታቸው የኃይል ነው። ምልክቱም ይታወቃል፦ ምራቅ መዝረብረብ፣ ዕንባ፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ ሲብስም ትንፋሽ ማጠር። ይህ ሆስፒታል የሚያስኬድ እንጂ "ብርድ ነው" ተብሎ ዝንጅብል የሚፈላለት አይደለም።

"ድሮ ዲዲቲ ነበር!" እያሉ የሚያዝኑ ሽማግሌዎችም አሉን። አዎ ነበር። የነፍሳት ገዳይነቱን ላገኘው ለፖል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1948 ኖቤል አሰጥቷል፤ በ2001 በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ደግሞ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ከመከላከል በቀር እንዳይረጭ ተከልክሏል። ለሶፋ የሚሆን አይደለም። ላምባ የሚቀቡም አሉ። ላምባ የውሻውን ቆዳ ይልጣል፤ ውሻው ሲልሰው ወደ ሳንባው ይገባል፤ እሳት አጠገብ ከተኛም የሚሆነውን አልናገርም። ሌላው ደግሞ ለውሻ የተሠራ መድኃኒት ለድመት ማድረግ ነው። ፐርሜትሪን ለውሻ ይስማማል፤ የድመት ጉበት ግን ሊያስወግደው ስለማይችል ድመቲቱ እየተንቀጠቀጠች ትሞታለች። ባለቤቷም "ቁንጫው ደሟን ጨርሶት ሞተች" ብሎ ያዝናል።

"ታዲያ ምን እናድርግ? የእንስሳት ሐኪም እኮ ውድ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ለሁሉም ኪስ አይደለም። ግን ለእንስሳው በክብደቱ ተመዝኖ የሚሰጠው መድኃኒት ከነደደው ፍራሽና ከሆስፒታሉ ዋጋ ጋር ይነጻጸር። ደግሞም ትልቁ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። ድመቷን በእርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ያበጥሯት፤ የወደቀው ጥቁር ብናኝ ቀልቶ ከተሟሟ የቁንጫ ኩስ ነው፤ የት እንደምትተኛ ይከተሏትና ሥራዎን ከዚያ ይጀምሩ። የተኛችበትን ጨርቅ በሚያቃጥል ውሃ ማጠብ፣ ምንጣፉን አውጥቶ አራግፎ ለፀሐይ መስጠት (ዕጩ ድርቀት አይችልም)፣ የወለሉን ስንጥቅና የሶፋውን ሥር በየቀኑ መጥረግ፣ ጥራጊውን ቤት ውስጥ አለማቆየት፣ ቤት ውስጥ ያሉትን እንስሳት በሙሉ በአንድ ጊዜ ማከም። ይህን ለሁለት ወር ያህል ሳያቋርጡ። እናቶቻችን የአፈር ወለላቸውን በእበት እየለቀለቁ ስንጥቅ ሲደፍኑ ዕጩ የሚደበቅበትን እየዘጉ ነበር። የዕጭ ትምህርት አልተማሩም፤ የሚሠሩትን ግን ያውቁ ነበር።

ሁለት ወር ስል ወዳጄ ፊቷን አጠቆረች። "ማን ይሠራዋል?" አለችኝ። ማን እንደሚሠራው ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ የምለው ግን ከሁለቱ ወራት ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳምንት መጥረጊያውን የምንጣፉ ባለቤት ይያዘው። ሶፋውን አንሥቶ ከሥሩ ያለውን በዓይኑ ያየ ሰው የሠራተኛዋን ፍራሽ ለማቃጠል ክብሪት አይፈልግም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ የተረፈው መርዝ። ይህ መርዝ ብዙ ጊዜ እየተቀዳ የሚሸጠው አገሩ ሁሉ "ሃይላንድ" በሚለው የውሃ ፕላስቲክ ነው። ጽሑፍ የለው፣ ምልክት የለው። ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ወተት ይመስላል። በወዳጄ ቤት ግማሽ ያህሉ ተርፎ ስጠይቃት የት እንዳለ ለማስታወስ ትንሽ አሰበች። ማዕድ ቤት፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከዘይቱ ጎን ነበር። የአራት ዓመት ልጅ አላት። የእርስዎ የት ነው ያለው? ዛሬ ማታ ሄደው ይዩት፤ ሽንት ቤት አይድፉት፣ ቱቦ ውስጥም አይጨምሩት፤ "መርዝ" ብለው በትልቁ ይጻፉበትና ልጅ በማይደርስበት ቦታ ቆልፈው ያስቀምጡት።