«አንተ ምሳህን የት ነው የምትበላው?»

ከቤትዎ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው ልጅዎን ሆዱን ቢያመው የሚያውቁት ሐኪም የለም፤ ስንት ወር የጠበቁት የዕረፍት ሳምንትም ሆቴል አልጋ ላይ ያልቃል። በማያውቁት ከተማ ምሳ ቤት መምረጥ ከጣዕም ያለፈ ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ነው። እንጀራዬ ማስታወቂያ ስለሆነ በድፍረት ልንገርዎ፤ ታፔላ ወጥ አይሠራም። በር ላይ የተለጠፈው የሚያምር ጥብስም ብዙ ጊዜ እዚያ ቤት የተጠበሰ አይደለም።

ስለዚህ ሰው ይጠይቁ፤ ግን «ጥሩ ሬስቶራንት የት አለ?» አይበሉ። እንዲህ ሲሉ ሰውየው አለባበስዎን አይቶ ለእንግዳ ይመጥናል ያለውን ትልቅ ሆቴል ያሳይዎታል። ይልቅ የባጃጅ ሹፌሩን «አንተ ምሳህን የት ነው የምትበላው?» ይበሉት። የሱቋን ልጅም እንዲሁ። ሁለቱ አንድ ቤት ከጠሩልዎ ይሂዱ። ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ የባንክና የቀበሌ ሠራተኛ የሞላበት ከሆነ ደግሞ ወንበር እስኪለቀቅ ይቁሙ፤ እንዲህ ያለ ቤት ወጥ አያሳድርም።

ቀኑንም ያስቡ። ረቡዕና ዓርብ፣ በተለይ ደግሞ በ55ቱ የሑዳዴ ቀናት፣ በብዙ የደጋ ከተሞች ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ። በጾም ቀን ክትፎ የሚያቀርብልዎ ቤት ካገኙ በሬው መቼ እንደታረደ መጠየቅ ነውር የለውም። የሙስሊም ልኳንዳዎች ግን ሥራ ላይ ናቸው። በረመዳን ሐረር ወይም ጅግጅጋ ከሄዱ ቀን ላይ ለልጆች የሚሆን ነገር ይያዙ፤ ማታ ከማፍጠሪያው ሰዓት በኋላ ሾርባውና ሳምቡሳው ይክስዎታል።

ከሁሉም በላይ አገሩ የሚኖርበትን ይብሉ። ባቱ ወርደው ፒዛ ማዘዝ ምን ይባላል? ሐይቁ አጠገብዎ ነው። ሐዋሳም አሞራ ገደል በጠዋት ቢሄዱ አሳው ከጀልባ ሲወርድ፣ ሲበለትና ዘይት ውስጥ ሲገባ ዓይንዎ እያየ ነው። ዓይኑ የጠራ፣ መተንፈሻው ቀይ የሆነውን መርጠው ያስጠብሱ። እሾሁን ለልጆች የሚለቅም ሰው ግን ይመድቡ፤ በእኛ ቤት ይህ የአባወራው ሥራ ነው።

ቡታጅራና ወልቂጤ ላይ ደግሞ ክትፎ በቆጮ ነው። አይብና ጎመኑን አይርሱ። ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ግን «የበሰለ» ብለው ይዘዙ፤ ለብ ለብ የኮሶን ትል አይገድልም። አስተናጋጁ ፊቱን ቢያጨፈግግ ይለፉት።

የጠየቁት ሁሉ ካላረካዎ ከነሸክላው እየተንተከተከ የሚመጣ ተጋቢኖ ይዘዙ። እንዲህ እየፈላ የቀረበ ምግብ ልጅ ሲያሳምም አላየሁም።

አንድ ነገር ቀረ። ከመቀመጥዎ በፊት እጅ መታጠቢያውን ይጎብኙ። ቧንቧው ደርቆ፣ ሳሙናው ጠፍቶ፣ ጀሪካኑም ባዶ ከሆነ ሳህኑ በምን እንደታጠበ ይገባዎታል። ገና ስላላዘዙ ልጆቹን ይዘው ቢወጡ የሚቀየምዎት የለም።