የሣጥን ሠሪው ስም በማን እጅ ይገኛል?

ኤል.ቪ.ኤም.ኤች. በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2023 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በአክሲዮን ገበያ የተገመተው ዋጋ ከ500 ቢሊዮን የአሜሪካን ዶላር በልጦ ነበር። ከአውሮፓ ኩባንያዎች መካከል ከዚህ ልክ የደረሰ ከእርሱ በፊት አልነበረም። ከአራቱ ፊደላት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሉዊ ቪቶን የሚባለውን ሰው ስም ያመለክታሉ። ይህ ሰው ባለባንክም የመሳፍንት ወገንም አልነበረም፤ ሣጥን ሠሪ ነበር። ስሙ ይህን ያህል ሀብት ሲሸከም ዘሮቹ ከቤቱ አስተዳደር እንዴት ወጡ? የንግድ ሕግ ለሚማረው ወጣትና የማኅበራትን መዝገብ ለሚያገላብጠው የመንግሥት ሠራተኛ ሊመረመር የሚገባው ነገር ይህ ይመስለናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።)

ሉዊ ቪቶን በ1821 ዓ.ም. ጁራ በተባለው ተራራማ አውራጃ አንሼ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። በ1835 ዓ.ም. ገና 13 ዓመቱ ሳለ ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ ወደ ፓሪስ ጉዞ ጀመረ። በየደረሰበት እየሠራና እንጀራውን እያገኘ ስለሄደ ከተማይቱ የገባው በ1837 ዓ.ም. ነው። እዚያም ማሬሻል ከሚባል ባለ እጅ ዘንድ ተቀጥሮ ሙያ ተማረ። ሙያውም ሣጥን መምታት ብቻ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የባላባት ሚስት ስትጓዝ ሠራተኛው ቤቷ ድረስ ሄዶ ልብሷን ይለካል፤ በልኩ ሣጥን ይሠራል፤ ቀሚሱንም እንዳይጨማደድ አጣጥፎ ያሽጋል። የጊዜው ቀሚስ ደግሞ ወርዱ ድንኳን የሚያህል ስለ ነበር ይህ ቀላል ሥራ እንዳይመስለን። የናፖሌዎን ሣልሳዊ ባለቤት እቴጌ ኤውጄኒ ዕቃዋን እንዲያሰናዳ የመረጠችው በዚህ ብልሃቱ ነው። በ1854 ዓ.ም. የራሱን ሱቅ ከፈተ።

ከዚያ በፊት የመንገደኛ ሣጥን ክዳኑ ጎባጣ ነበር፤ በሰረገላ ጣራ ላይ ሲጫን የዝናቡ ውሃ እንዲንሸራተትለት ታስቦ ነው። ባቡርና የእንፋሎት መርከብ ሲመጡ ግን ጎባጣ ሣጥን አንዱ ባንዱ ላይ አልደረደር አለ። ቪቶን በ1858 ዓ.ም. ክዳኑ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ውሃ በማያስገባ ግራጫ ሸራ የተለበጠ ቀላል ሣጥን አወጣ። በማግሥቱ ዓመትም ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሴን ወንዝ ዳር በምትገኘው በአኒዬር መሥሪያ ቤት አቆመ፤ እንጨቱ በወንዝ ይመጣለታል፣ የባቡሩም ሐዲድ ቅርብ ነው። በ1870 እና በ1871 ዓ.ም. ከፕሩሲያ ጋር በተደረገው ጦርነት መሥሪያ ቤቱ ቢዘረፍም፣ ሰላም እንደ ወረደ በፓሪስ ስክሪብ በተባለው መንገድ ሱቁን እንደገና ከፈተ።

ጠላቱ ግን ጦር ብቻ አልነበረም፤ ሥራውን የሚቀዱት ነጋዴዎችም ነበሩ። ግራጫውን ሲቀዱበት በ1872 ዓ.ም. ባለ መሥመር ሸራ አወጣ፤ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ዳማ ገበታ የተከፋፈለውን አስከተለ። እርሱ በ1892 ዓ.ም. ሲሞት ልጁ ዦርዥ በ1896 ዓ.ም. የአባቱን ስም መጀመሪያ ፊደላት ከአበባ ጋር አጣምሮ በሸራው ላይ አሳተመ። ዛሬ ብዙዎች ለጌጥ የሚመኙት ምልክት የተፈጠረው ለጌጥ ሳይሆን ሌባ ለመከላከል ነበር ማለት ነው። በዓለም ገበያ እጅግ ከሚቀዱት ምልክቶች አንዱ ራሱ መሆኑ ደግሞ ያስቃል። ይኸው ዦርዥ በቁልፉ እጅግ ከመመካቱ የተነሣ፣ ከማናቸውም እስራት አመልጣለሁ ይል የነበረውን ሁዲኒን ከሣጥኑ እስቲ ውጣ ብሎ በጋዜጣ ጠርቶት ነበር። ሁዲኒ ጥሪውን አልተቀበለም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበረውን ሁሉ በምስጋና ማለፍ አይገባም። በ2004 ዓ.ም. በፈረንሳይ የታተመ የቤቱን ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍ፣ ቤተሰቡ በቪሺ ተቀምጦ ከነበረው ከማርሻል ፔታን መንግሥት ጋር ስለ ነበረው ቅርበት ጽፏል። ኩባንያው በሚያሳትማቸው ያማሩ መጻሕፍት ይህን ምዕራፍ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በ1977 ዓ.ም. የቤቱን አመራር የያዘው የቤተሰቡ አማች፣ ቀድሞ የብረት ነጋዴ የነበረው አንሪ ራካምዬ ነው። ያን ጊዜ ቤቱ የነበሩት ሱቆች ሁለት ብቻ ናቸው። ራካምዬ ትርፉን የሚወስዱት በመካከል ያሉት ቸርቻሪዎች መሆናቸውን ስለ ተረዳ ቤቱ በየአገሩ በራሱ ሱቅ እንዲሸጥ አደረገ፤ ገቢውም በጥቂት ዓመት ውስጥ ብዙ እጥፍ ሆነ። በ1984 ዓ.ም. አክሲዮኑ በፓሪስ ገበያ ለሕዝብ ቀረበ። አደጋውም የመጣው በዚሁ በር ነው። አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ማኅበር ጌታው ወረቀቱን የሰበሰበ ሰው ነው፤ ሚስማር መምታት ማወቅ አያስፈልገውም።

ራካምዬ ይህን ሳያውቅ የቀረ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ቤቱን ሻምፓኝና ኮኛክ ከሚሠራው ከሞኤ ሄኔሲ ጋር ያዋሐደው፣ ትልቅ ብንሆን የሚውጠን አይኖርም በማለት ነበር። ነገር ግን ከሞኤ ሄኔሲው አለቃ ከአላን ሼቫልዬ ጋር ወዲያው አልተስማሙም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የአክሲዮን ዋጋ በዓለም ሁሉ ስለ ወደቀ ወረቀቱ ረከሰ። ሼቫልዬ ጊነስ የተባለውን ቢራ ጠማቂ ኩባንያ አጋር ሲያደርግ፣ ራካምዬም በበኩሉ የክሪስቲያን ዲዮርን ቤት የያዘውን ወጣት ባለሀብት በርናር አርኖን ጠራ። አርኖ ግን ጠሪውን ትቶ ከጊነስ ጋር ተባብሮ አክሲዮን ገዛና በ1989 ዓ.ም. የኩባንያው አለቃ ሆነ። ራካምዬ በፍርድ ቤት ከተከራከረ በኋላ በ1990 ዓ.ም. ለቀቀ። አርኖን ክፉ ለማለት ይቸኩሉ ይሆናል። እኛ ግን ጥፋቱን የምናየው ሁለቱ አለቆች የግል ጠባቸውን ለማሸነፍ ሲሉ የገዛ ቤታቸውን በር ለውጭ ሰው በመክፈታቸው ነው።

ቤተሰቡ ጨርሶ አልጠፋም። የመሥራቹ አምስተኛ ትውልድ የሆነው ፓትሪክ ሉዊ ቪቶን በ2019 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ የልዩ ትእዛዝ ሥራዎችን ይመራ ነበር፤ ይኸውም ስሙ በበሩ ላይ በተጻፈበት ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ማለት ነው።

አርኖ ከዚያ ጠብ የተማረ ይመስላል። እርሱ የተወለደው በ1949 ዓ.ም. ነው፤ የአለቃው የዕድሜ ገደብ 75 ዓመት የነበረው በ2022 ዓ.ም. ወደ 80፣ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 85 ከፍ ተደርጎለታል። አምስቱም ልጆቹ በኩባንያው ውስጥ ሥራ ይዘዋል። የቤተሰቡን ድርሻ የሚይዘው ማኅበርም በ2022 ዓ.ም. እንደገና ሲደራጅ ለአምስቱ እኩል እኩል ተከፍሎ፣ ያለ ሁሉም ፈቃድ ድርሻው ለ30 ዓመት ከቤተሰቡ ውጭ እንዳይሸጥ ተደንግጓል። ከአምስቱ ማን አለቃ እንደሚሆን ግን በዚህ ስምምነት ውስጥ አልተወሰነም። የኩባንያው ገቢ በ2023 ዓ.ም. ከነበረበት 86.2 ቢሊዮን ዩሮ በ2024 ዓ.ም. ወደ 84.7 ቢሊዮን ወርዷል፤ በ2025 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ደግሞ አሜሪካ ከአውሮፓ በሚገባ ብዙ ዕቃ ላይ 15 በመቶ ቀረጥ እንድታስከፍል ስምምነት ተደርጓል። ራካምዬና ሼቫልዬ የተጣሉት ገበያው ደግ በነበረበት ጊዜ ሳይሆን ወረቀቱ በረከሰበት ወራት እንደ ነበር ማስታወስ ለአምስቱ ወራሾችም ይጠቅማቸው ነበር።