ቲነሩን አስቀምጡት

ደብረ ብርሃን ላይ ቆዳ ጃኬት ጌጥ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ መስኩ አመዳይ ለብሶ ባደረበት ማለዳ፣ ከጠባሴ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ መኖር ምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ጋቢውም ካፖርቱም ያሞቃል፤ ነፋሱን ግን እንደ ቆዳ የሚመክት የለም። ስለዚህ ከደመወዙ ቆጥቦ በገዛው ጃኬት እጅጌ ላይ የበር ቀለም ሲያርፍበት የሚደነግጥ ሰው ባይ አልስቅበትም። የሚያስቀኝ፣ አንዳንዴም የሚያናድደኝ፣ ከድንጋጤው በኋላ የሚጎርፈው ምክር ነው።

ቀለም ደግሞ በየአጥሩ አለ። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም ከተተከለ ወዲህ ከተማዋ ውስጥ ግንባታ አላባራም፤ በዓል በመጣ ቁጥር አሮጌው የቆርቆሮ በር ሁሉ ይታደሳል። የገና ሰሞን ጎረቤቴ በሩን አረንጓዴ ዘይት ቀለም እያስቀባ ሳለ ዞር ሲል እጅጌው መቃኑን ነካ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጥብ ናት። ወዲያው ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። «ጋሼ፣ ቤንዚን ያስነኩት!» አለ የባጃጅ ሾፌሩ። «በረኪና ትንሽ ጠብ ቢያደርጉበትስ?» አለች ባለ ሱቋ። በመጨረሻ ቀለም ቀቢው ራሱ ጣሳውን ይዞ ቀረበ፤ «ግድ የለም ጋሼ፣ ቲነር የማያነሣው ነገር የለም።» እውነቱን ነው። አረንጓዴውን አነሣው፤ ከሥሩ ያለውንም ጥቁር አብሮ አነሣው። ጥፍር የምታህለዋ ነጥብ መዳፍ የሚያህል ግራጫ ሆና ቀረች።

ቲነር የተሠራው ቀለም እንዲያሟሟ ነው፤ የበሩን ቀለም ከጃኬቱ ቀለም የሚለይበት ዓይን የለውም። ገበያችን ላይ የሚታየው የብዙው ጃኬት ጥቁረት ደግሞ ከላይ የተረጨ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ከአክሪሊክ፣ ከፖሊዩሬቴን ወይም ከናይትሮሴሉሎስ የሚሠራ ስለሆነ ከግድግዳና ከመኪና ቀለም ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። አንዱን የሚያሟሟ ሌላውን አይምርም። ቤንዚን ከቲነር ለዘብ ቢልም የቆዳውን ቅባት አጥቦ ይወስድና ቦታው ይደርቃል፣ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል። በረኪናማ ሽፋኑን አልፎ ቆዳውን ራሱን ነው የሚበላው። ኦሞና አመድም ቢሆኑ ለቆዳ አይስማሙም፤ ፋብሪካው ከሌጦው ላይ ጸጉር የሚያነሣው በኖራ መሆኑን ያስታወሰ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም።

ሽፋኑ አንዳንዱ ጃኬት ላይ ስስ፣ አንዳንዱ ላይ ወፍራም የሚሆንበትን ምክንያት ለማወቅ የፈለገ ወደ መንዝ ይውጣ። የደጋው በግ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ አየሩም ቀዝቃዛ ስለሆነ ለደም መጣጭ ተባይ ይመቻል። በጉ ይነከሳል፣ ይታከካል፣ ቆዳውም ይቆስላል። የሌጦ ነጋዴዎች «እከክ» የሚሉት ይህንኑ ነው። በጉ በሕይወት ሳለ ምልክቱ ከጸጉሩ ሥር ተደብቆ ይኖራል፤ ፋብሪካ ገብቶ ጸጉሩ ሲነሣ ግን ትናንሽ አበጥ ያሉ ነጠብጣቦች ፊቱን ሞልተውት ይገኛሉ። ማቅለሚያ ሲነከር እነዚያ ነጠብጣቦች ቀለሙን ከሌላው እኩል አይቀበሉም። እንግዲህ ፊቱ የጠራው ሌጦ ቀለሙን ጠጥቶ ተፈጥሮው እየታየ ይወጣል፤ እከክ የመታው ዋጋው ይወርድና ጉድለቱ እንዳይታይ ወፈር ያለ ቀለም ይለበጥበታል። በአገር ልጅ አቅም የሚገዛው ጃኬት ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ነው። በመስኩ ላይ ያልታከመ በግ እጅጌያችን ላይ መጥቶ ሒሳቡን ያስከፍለናል ማለት ነው። የእንስሳት ሐኪሞቻችን በተባይ መከላከል ዘመቻ ሲደክሙ ነገሩ የበጉ ጤንነት ብቻ የሚመስለን እንሳሳታለን።

ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ላቦራቶሪ አያሻም። ከኮሌታው ሥር ወይም ከጫፉ ውስጠኛ በኩል አንዲት ጠብታ ውሃ ማኖር ነው። ውሃው ድብልብል ብሎ ከቆመ ሽፋን አለው፤ ከሰረገና ቦታው ከጠቆረ ራቁቱን ያለ ቆዳ ነው። ራቁቱን ያለው ላይ ዘይት ቀለም ከሰረገ የቤት ውስጥ መላ የለውም። እንዲያውም የቅባት ምልክት ጨምራችሁበት ታርፋላችሁ። ቆዳ መልሶ የሚያቀልም ባለሙያ ካለ ወደ እሱ ነው፤ ከሌለ ነጥቧን መልመድ ነው።

ሽፋን ያለው ግን መላ አለው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ። ቀለሙ እርጥብ ከሆነ አትሹት፤ መሻት ማስፋት ነው። በማንኪያ ጀርባ ወይም በካርድ ጠርዝ ከዳር ወደ መሀል እየገፉ ትርፉን ማንሣት፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጫን እያሉ ማስመጠጥ ነው። የግድግዳው ፕላስቲክ ቀለም በእርጥቡ ከተደረሰበት በለብታ ውሃና በጥቂት ለስላሳ የእጅ ሳሙና ይለቃል። ዘይት ቀለም ውሃ አይሰማም፤ ለእሱ ቫዝሊን ወፈር አድርጎ ቀብቶ ሰዓታት ማቆየት፣ ቀለሙ ሲላላ በእንጨት ስንጥር እያነሡ መጥረግ ይሻላል። የወጥ ቤት ዘይት ላድርግ የሚል አይጠፋም። በተለይ የተልባ ዘይት አይነካካው፤ ዘይት ቀለም ጥንቱን የሚበጠበጠው በተልባ ዘይት ነው፣ ዘይቱም ራሱ ደርቆ ይጋገራል። ኑግም ለጉዳዩ ቅርብ ነው። እነዚህ ሁሉ ሳይሠሩ ቀርተው አልኮል መሞከር ግድ ከሆነ፣ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ፣ በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ጫፍ ይሁን። ጥጡ ጥቁር ይዞ ከመጣ በቃ፣ እዚያው ላይ ማቆም ነው። ጨርሰውም ቢሆን ጃኬቱን ከምድጃ አጠገብ ማስጠጋት ነውር ነው፤ በእሳት የደረቀ እርጥብ ቆዳ ተኮማትሮ ይደድራል።

ደረቅ ፕላስቲክ ቀለምን በሚመለከት የደብረ ብርሃን ሰው ከአዋሽ ሰባት ሰው ይልቅ ዕድለኛ ነው። በታኅሣሥ ንጋት ፕላስቲክ ቀለም የቀባ ባለሙያ ግድግዳው እንደማይዝለት ያውቃል፤ ብርድ ላይ ቀለሙ እርስ በርሱ መያያዝ ያቅተዋል። የደረቀውም ቢሆን በብርድ ልስላሴው ይጠፋና ተሰባሪ ይሆናል። ጃኬቱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ጥላ ላይ አሳድሮ፣ ፀሐይ ሳትሞቅ በጥፍር ወይም በፕላስቲክ ካርድ ጫፍ ቀስ ብሎ መፈልፈል ነው። ብርዱ ለአንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን!

ቆዳ ላይ ያረፈ ቀለም ማንሣት ለዚህ አገር እንግዳ ሙያ አይደለም። በአንኮበር አድባራት ይሁን በሌላ ደብር የነበረ ቁም ጸሐፊ ብራና ላይ ሲሳሳት ስሕተቱን በካራ ፍቆ ያነሣና በላዩ ይጽፋል። ብራናው ግን አልለፋም፣ ሽፋንም የለውም፤ ተወጥሮ የደረቀ፣ ላዩም ውስጡም አንድ የሆነ ቆዳ ነው። በካራ ሲፋቅ ከሥሩ የሚወጣው ያው ብራና ነው። ጃኬት ላይ ካራ ያነሣ ሰው ግን ከሥሩ የሚያገኘው ሽፋኑ የደበቀውን ጉድለት ነው። ውስጠኛው ገጽ ወደ ውጭ የተሰፋ፣ ላዩ ጸጉራም የሆነ ጃኬት ብቻ ከብራናው ጋር ይቀራረባል፤ እሱን ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቆ በደረቅ ብሩሽ ወይም በልሙጥ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ማሸት ይቻላል። ደበሎውም ቢሆን አያግዘንም። የእረኛውና የቆሎ ተማሪው ደበሎ ከነጸጉሩ ስለሆነ ቀለም አልተረጨበትም፤ በአንኮበር ቤተ መንግሥት ለጀግና ይሰጥ የነበረው ለምድም እንዲሁ። አያቶቻችን ስለ ቆዳ ያወረሱን እውቀት ፋብሪካ የቀባውን ጃኬት አይሸፍንም።

ያወረሱን እውቀትም ቢሆን ከእነማን እጅ እንደነበረ እናውቃለን። ቆዳ አልፊውን «ፋቂ» ብለን ሰድበን፣ ከመንደር አርቀን፣ ጋብቻ ከልክለን ኖረናል። እዚሁ ቅርብ አንጎለላ ላይ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ እስከ ማወጅ የደረሱት ነገሩ ቢከፋ ነው። አዋጁ ስድቡን ሙሉ በሙሉ አላጠፋውም። የናቅነውን ሰው ሙያ ደግሞ አንጠይቅም፤ ሳንጠይቅ ቀርተን ነው ዛሬ የቆዳ ጃኬት ምክር ከባጃጅ ሾፌር የምንሰማው። ከተማችን ውስጥ የቆዳ ፋብሪካ እያለ!

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ ጫማ ከምን እንደተሠራ በምልክት እንዲያሳይ አስገድዷል። ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ከ0.15 ሚሊ ሜትር ካለፈ ከተራው ቆዳ የተለየ፣ «የተለበጠ ቆዳ» የሚያሰኝ ምልክት ይደረግበታል። ወደዚያ ገበያ የሚገባ ጫማ፣ ከእኛ የተላከም ቢሆን፣ ምልክቱን መያዝ አለበት። እዚህ የሚሸጥልን ጃኬት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የምናገኘው የመጠን ቁጥር ብቻ ነው። ያም ሆኖ ሰፊዎቹንና ፋብሪካዎቹን ትልቅ ነገር አልጠይቅም። ኪሱ ውስጥ የምትሰፋ፣ ቆዳው የተለበጠ ይሁን ያልተለበጠ፣ በምን እንደሚጠረግና ምን እንደማይነካው በአማርኛ የምትናገር ቁራጭ ጨርቅ ትበቃናለች። ቆዳውን ያወጣው ፋብሪካ ያውቀዋል፤ የሰፋውም ያውቀዋል፤ የማያውቀው ገንዘቡን የሚከፍለው ነው።

እስከዚያው እናንተ ጃኬት የምትገዙ ሰዎች፣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፤ ቀለሙ ከላይ ነው ወይስ ዘልቋል? ካላወቀ በኮሌታው ሥር አንዲት ጠብታ ውሃ እንድታሳርፉ ይፍቀድላችሁ። ካልፈቀደ ሱቅ ሞልቷል።