ሆስፒታል አልጋ አጠገብ የሚፈረም ወረቀት

ባለፈው ዓመት ከሰሚት ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ የጎረቤቴን ልጅ አይሱዙ ገጨው። ልጁ 19 ዓመቱ ነው፤ ከሴራሚክ አንጣፊ ጋር እየዞረ ይሠራል። እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሾፌሩ አላመለጠም፤ ራሱ አንስቶ ሆስፒታል ወሰደው። ይህን ልመሰክርለት ይገባል።

በአራተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። «እትዬ፣ ልጁ ሆን ብሎ አላደረገውም። እሱም የሰው ልጅ ነው፣ ታስሯል፣ ልጆች አሉት። ደግሞ ዘልሎ የገባው የእርስዎ ልጅ ነው፤ ዜብራ የለበት ቦታ ነው የተሻገረው» አሏቸው። 20 ሺህ ብር አስቀመጡ። እትዬም አለቀሱ፣ ሽማግሌዎቹን አከበሩ፣ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ፤ ልጁም አልጋው ላይ እንዳለ ፈረመ። የወረቀቱ የመጨረሻ መስመር «ከእንግዲህ በዚህ አደጋ ምክንያት ማንኛውንም ዓይነት ጥያቄ አናነሳም» ይላል።

ይህን የምጽፈው ስለዚያች መስመር ነው።

ሽማግሌዎቹ ካሉት ነገር ውስጥ አንዱ እንኳ ለካሳው ጉዳይ ወሳኝ አልነበረም። እኛ አገር አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ጥፋተኛው ማነው?» ነው። ለወንጀሉ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ለካሳው ግን አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪናው ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ያሽከረከረው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። መኪናው በዚያ ሰዓት ተሰርቆ እንደነበር ካላስረዳ በስተቀር ማለት ነው። ቁጥር 2086 ደግሞ ባለቤቱ «እኔ አላጠፋሁም» ወይም «ልከላከለው አልችልም ነበር» ብሎ እንዳያመልጥ በሩን ይዘጋበታል። የሚቀረው መከራከሪያ ጥፋቱ በሙሉ ወይም በከፊል የተጎጂው ነው ማለት ነው። እሱንም በማስረጃ ማሳየት አለበት፤ በሽማግሌ አፍ መናገር ብቻውን አይበቃም። ዜብራ በሌለበት መሻገር ካሳውን ሊቀንሰው ይችላል፤ ብቻውን ዜሮ ያደርገዋል ማለት ግን አይደለም።

ልብ በሉ፣ «ታስሯል፣ ልጆች አሉት» የተባለው ሾፌሩ ነው። አይሱዙው የእሱ አይደለም። ባለቤቱ ሆስፒታልም አልመጣም፣ ሽማግሌም አልላከም። ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው፣ ሕጉ በመጀመሪያ የሚጠራው ሰው፣ በዚያ ወረቀት ከነገሩ ሁሉ ነፃ ወጣ። እትዬ ያዘኑለት ሾፌር ሲሆን የተጠቀመው ሌላ ሰው ነው።

ከባለቤቱ ጀርባ ደግሞ መድን አለ። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፤ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ምልክት ለዚህ ነው። አዋጁ ሲወጣ ለሞትም ለአካል ጉዳትም የተቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት 100 ሺህ ብር ነበር። (የሰው እግር ከመኪና በር የረከሰበት ሕግ! ጣሪያው ከዚያ ወዲህ በደንብ ተሻሽሏል።) ጉዳቱ ከመድኑ ካለፈ ቀሪው ከባለቤቱ ይጠየቃል። የገጨው አምልጦ ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው የተጎዳው ሰው የሚሄደው ወደ መድን ፈንዱ ነው። ድንገተኛ ሕክምና ደግሞ «መጀመሪያ ገንዘብ አስይዙ» ሳይባል ሕጉ ባስቀመጠው መጠን በነፃ መሰጠት አለበት። ይህን የሆስፒታል ካርድ ክፍል ስንቱ አስታማሚ ጮክ ብሎ ጠይቆ ያውቃል?

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ። በአራተኛው ቀን የልጁ እግር ምን እንደሚሆን ሐኪሙም አያውቅም ነበር። አጥንቱ መግጠም አለመግጠሙ፣ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ማስፈለግ አለማስፈለጉ የሚለየው ከወራት በኋላ ነው። ዘላቂ ጉዳት ከቀረም የሕክምና ቦርድ መቶኛውን የሚወስነው ሕክምናው ሲያልቅ ነው። ፍርድ ቤት ካሳ የሚያሰላው በዚህ መቶኛ፣ በገቢው እና ወደፊት በሚቀርበት ገቢ ላይ ተመሥርቶ ነው። የደመወዝ ወረቀት የለኝም ብሎ ተስፋ መቁረጥም አያስፈልግም፤ የቀን ሠራተኛ በምስክር ያስረዳል፣ ልኩን ማወቅ ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ ይቆርጣል። በአራተኛው ቀን የፈረመ ሰው ግን ምን እንደሸጠ ሳያውቅ ሸጧል።

ታዲያ «አላወቅኩም ነበር» ብሎ ማፍረስ አይቻልም? እዚህ ላይ ነው ሕጉ የሚጨክነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው። ስለ መብቴ ተሳስቼ ነበር ማለት አያፈርሰውም። ልጁ አልጋው ላይ የፈረማት ፊርማ ፍርድ ሰጥታለች።

እርቅ አትታረቁ አላልኩም። ሽማግሌ የላከን ሰው መመለስ ለእኛ ከባድ ነው፣ ይቅርታም መልካም ነው። ነገር ግን ይቅርታውና ካሳው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንድ ወረቀት ላይ የሚጠቀለሉት ለከፋዩ ስለሚመች ነው። ለሾፌሩ ቅጣት ማቅለያ የሚሆን «ይቅር ብያለሁ» የሚል ጽፋችሁ መስጠት ትችላላችሁ። ገንዘብ ከተቀበላችሁ «የተቀበልኩት ለሕክምና ነው፤ ከባለቤቱና ከመድን ድርጅቱ ካሳ የመጠየቅ መብቴ የተጠበቀ ነው» የሚል መስመር አስገቡ። ሽማግሌዎቹ በዚህች መስመር ከተቆጡ ለምን እንደመጡ ያኔ ትረዳላችሁ።

መንገድ ላይ ደግሞ ከመጨቃጨቅ በፊት ታርጋውንና የመድኑን ምልክት ፎቶ አንሱ፤ ትራፊክ ፖሊስ ፕላን ሳያነሳ አትበተኑ። ቦሌ ድልድይ ሥር ለተጫረ ፓራውልት አንድ ሰዓት መንገድ ዘግተን እየተሰዳደብን፣ ሰው ሲሰበር ግን «በሰላም እንጨርሰው» እንላለን። የሕክምና ደረሰኝ አትጣሉ። ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ በመሠረቱ ሁለት ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ይራዘማል፤ እናንተ ግን በሁለቱ ዓመት ቁጠሩ። ሾፌሩ በወንጀሉ ነፃ ቢባልም የካሳው በር በዚያ አይዘጋም። ለዳኝነት የሚከፈል የሌለው በደሃ ደንብ እንዲከስ መጠየቅ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ከእናንተም ከእኔም አቅም በላይ ነው። ለኅሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሥቃዩና ለሐዘኑ፣ ሕጉ ቁጥር 2116 ላይ ያስቀመጠው ጣሪያ 1000 ብር ነው። በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ቦሌ ላይ ሁለት ሰው ምሳ አይበላበትም። እናት ለሞተ ልጇ ሐዘን ይህን ተቀበዪ የሚል አንቀጽ ሊሻሻል ይገባል፤ ጠበቆችና የሕግ መምህራን ይህን ደጋግመው ማንሳት አለባቸው።

የጎረቤቴ ልጅ አሁን ይራመዳል። እግሩ ትንሽ አጥሯል፣ ጉልበቱም ሙሉ ለሙሉ አይታጠፍም። ሴራሚክ የሚነጠፈው ተንበርክኮ ነው። ወረቀቱን ለአንድ ጠበቃ ወዳጄ ወስጄ አሳየሁት፤ ከላይ ያለውን ሁሉ ዘሎ የመጨረሻዋን መስመር አነበበና መልሶ አጠፈልኝ። እትዬ ምን እንዳለኝ እስካሁን ይጠይቁኛል፤ አልነገርኳቸውም።